የቤት ኪራይ መያዣ ገንዘብና የስሙ ነገር

በአዲስ አበባ ቤት የሚከራይ የውጭ አገር ሰው ቁልፉን ከመረከቡ አስቀድሞ፣ ከወር ኪራዩ ሌላ ጠቀም ያለ ገንዘብ በአከራዩ እጅ ያስቀምጣል። ይህንኑ ገንዘብ አከራዩ «ዲፖዚት» ይለዋል፤ ደላላው «ቀብድ» ይለዋል፤ ውል ጸሐፊው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ «ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ ያልፈዋል። ገንዘቡ በሚሰጥበት ቀን ስለ ስሙ የሚጨነቅ አይገኝም። ተከራዩ ሻንጣውን አስሮ ወደ አገሩ ለመመለስ በተነሣበት ሳምንት ግን ክርክሩ ሁሉ በዚሁ ስም ላይ ያርፋል።

ነገሩ የቃል ጨዋታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀብድን ነገር ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ለይቶ ደንግጎታል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቡናም ሆነ ቆርቆሮ በቀብድ የተዋዋለ ነጋዴ ይህንን አሳምሮ ያውቀዋል። ቅድሚያ ኪራይ ሌላ ነው፤ ወሩ በገባ ቁጥር እየታሰበ የሚያልቅ፣ የአከራዩ ገንዘብ ነው። መያዣ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ የገንዘቡ ባለቤት ተከራዩ ሲሆን፣ አከራዩ የሚይዘው ቤቱ ቢጎዳ ወይም የውሃና የመብራት ሒሳብ ሳይከፈል ቢቀር መተኪያ እንዲሆነው ብቻ ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛው ቅጂ መያዣ የተባለው በአማርኛው ውል ቀብድ ተብሎ ከተገለበጠ፣ ዘመኑ ሳያልቅ መሥሪያ ቤቱ ወደ ናይሮቢ ያዛወረው ሰው ገንዘቡን «ሕጉ ነው» ተብሎ ቢከለከል ሊያስገርም አይገባም። አማርኛውን ማንበብ ስለማይችል የፈረመበትን አያውቅም፤ አከራዩም ቢሆን ብዙ ጊዜ ልዩነቱን አላስተዋለውም።

ይህ ጉዳይ በካዛንቺስና በቂርቆስ ክፍለ ከተማ አካባቢ አዘውትሮ የሚሰማበት ምክንያት አለው። ካዛንቺስ ስሙን እንኳ ያገኘው የኢጣልያ መንግሥት በወረራው ዘመን ለሠራተኞቹ ካሠራቸው መኖሪያ ቤቶች ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ ሲከፈት፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠራተኞች በአቅራቢያው ቤት ፈላጊዎች ሆኑ። የውጭ አገር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ሕጉ በቁጥር 390 ከልክሎ ስለ ቆየ፣ እነዚህ ሰዎች ተከራይ ከመሆን በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የወጣው አዋጅ ከ150,000 ዶላር ለማያንስ ገንዘብ ይህን በር ከፍቷል፤ ነገር ግን ለሁለት ዓመት ሥራ የመጣ መሐንዲስ ወይም የኩባንያ ወኪል ቤት ይገዛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

በዚያው በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ፣ አከራይና ተከራይ በየፊናቸው ተበታተኑ። የፈረሰ ቤት ግድግዳው ተጭሯል፣ ቧንቧው ተሰብሯል ተብሎ ከመያዣው የሚቀነስለት ነገር የለም። ገንዘቡን መመለስ የሚገባው ሰው ግን ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል፤ በውሉ ላይ የተጻፈው አድራሻም ዛሬ መንገድ ሆኗል።

ከዚህ የባሰው የምንዛሪው ጣጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት የ3,000 ዶላር ግምት ያለውን 171,000 ብር ያስያዘ ሰው፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ ብር ቢቀበል እጁ የሚገባው ከ1,300 ዶላር ብዙም አይበልጥም። ብር የተቀበለ ብር ይመልሳል ማለት ተገቢ ነው፤ አከራዩ የምንዛሪው ፈጣሪ አይደለም። ዳሩ ግን የወር ኪራዩን በዶላር አስጽፎ በየወሩ በዕለቱ ምንዛሪ ሲቀበል የኖረ አከራይ፣ ወደ መያዣው ሲደርስ «እኔ የማውቀው ብር ነው» ቢል በሁለት ሚዛን መመዘኑ ነው። ይህ ለማንኛውም ነጋዴ ግልጽ ነው።

ተከራዩም ንጹሕ ነው አይባልም። ገንዘቡ እንደማይመለስለት ከወዳጆቹ የሰማ ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ኪራይ ሳይከፍል ይቀመጣል፤ የመብራቱንና የውሃውን ዕዳ ጥሎ በሌሊት አውሮፕላን ይሄዳል። ይህ የደረሰበት አከራይ ከሚቀጥለው ተከራይ የበለጠ መያዣ ይጠይቃል፤ እንዲህ እያለ አንዱ የሌላውን ጥፋት ሲከፍል ይኖራል። ግብር ለማሳነስ ኪራዩን በውሉ ላይ ዝቅ አድርጎ መጻፍም የሁለቱ ስምምነት ነው። በውሉ ላይ 20,000 ብር የሚከራይ ቤት የ150,000 ብር መያዣ ሊጻፍበት ስለማይችል፣ ገንዘቡ ያለ ደረሰኝ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ተከራዩም ኋላ ለዳኛ የሚያሳየው ወረቀት ያጣል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም አዟል። ይህ ለሐቀኛ አከራይ ጋሻ ነው። ሱቅና መጋዘን ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ አልገቡም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ሁለቱን ወገኖች የሚጠብቃቸው ራሳቸው የሚጽፉት ውል ነው።

ከነጋድያኑ መካከል በካዛንቺስና በአካባቢው ቤት የሚያከራዩ ጥቂቶች አይደሉም፤ ከባሕር ማዶ ላስመጡት ባለሙያ ቤት የሚከራዩለትም እንደዚሁ። ለሁለቱም የሚበጀው፣ ገንዘቡን በውሉ ውስጥ «መያዣ» ብሎ በስሙ መጥራት፣ በምን ገንዘብ እንደ ተሰጠና በምን ገንዘብ እንደሚመለስ መጻፍ፣ ቁልፍ ከተመለሰ በኋላ የሚመለስበትን ቀን መቁረጥ፣ በመግቢያው ቀንም የቤቱን ዕቃና የቆጣሪዎቹን ንባብ መዝግቦ ሁለቱም እንዲፈርሙበት ማድረግ ነው። በጊዜ ብዛት የደበዘዘ ቀለም የኪራዩ ዋጋ ነውና ከመያዣው ሊቀነስ አይገባም። ጠብ ቢነሣ ወደ ግልግል እንዲቀርብ በውሉ ማስገባትም ይቻላል፤ የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ለዚህ ሥራ የቆመ ተቋም አለው፤ የግልግል ዳኝነትም በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተደንግጓል። ጉዞው የደረሰበት ተከራይ ደግሞ ሒሳቡ ሳይዘጋ የሚሄድ ከሆነ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቀርቦ ለሚያምነው ሰው ውክልና ይስጥ፤ ከባሕር ማዶ በስልክ የሚጠየቅ ገንዘብ ቀኑ በረዘመ ቁጥር መልስ የሚሰጠው ያጣል።