ያለ አውቶሞቢል ከልጆች ጋራ በምድር ባቡር ስለ መጓዝ

ልጆች የአገራቸውን ምድር በዓይናቸው እያዩ እንዲያድጉ ማድረግ ከትምህርት አንዱ ክፍል መሆኑን የሚክድ ወላጅ የለም። ነገር ግን በአዲስ አበባ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ትምህርት ቤት ተዘግቶ የዕረፍት ጊዜ በደረሰ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠይቀው አውቶሞቢል ከወዴት እንደሚገኝ ነው፤ ያጣ እንደ ሆነም ጉዞውን ለሚመጣው ዓመት ያሳልፈዋል፤ የሚመጣውም ዓመት እንዲሁ ያልፋል። በቂርቆስና በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ሕፃናት ከራሳቸው በላይ በድልድይ የሚመላለሰውን የከተማ ባቡር በየቀኑ እያዩ ያድጋሉ፤ ከአቃቂ ወዲያ ያለውን አገር ግን የሚያውቁት በስም ብቻ ነው።

ይህ ሰፈር ለምድር ባቡር እንግዳ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃም በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ማለት ከሆነው ከፈረንሳይኛው ቃል የወጣ ነው። በዚያ ዘመን ዛሬ ሜክሲኮ ከሚባለው ስፍራ የሚነሣ አባት ትንሹን ልጅ በትከሻው፥ ስንቁን በአገልግል ይዞ በእግሩ ወደ ጣቢያው ይደርስ ነበር። ባቡሩ መጀመሪያ ላይ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበረ ሌሊቱን በአዋሽና በድሬዳዋ እያደረ ጅቡቲ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ዝግታው ግን ለሕፃናት የሚከብድ አልነበረም። (ስለ አደባባዩ ስም ያልሰሙ ልጆች ቢኖሩ፥ የሜክሲኮ መንግሥት የፋሽስት ኢጣሊያን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ እንደ ነበረ፥ በሜክሲኮ ዋና ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የባቡር ጣቢያ እንዳለ ሊነገራቸው ይገባል።)

አሮጌው ሐዲድ አርጅቶ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ከተቋረጠ በኋላ፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውንም ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ርዝመቱ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የመንገደኛው መነሻ ግን እንደ ቀድሞው በከተማው መካከል ሳይሆን በዳር፥ በፉሪ ለቡ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማ ባቡር ሁለት መሥመር አለው፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፥ ሁለተኛው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ። ሁለቱም በለገሃርና በሜክሲኮ ያልፋሉ፤ አንዳቸውም ግን ለቡ አይደርሱም። እንግዲህ ሁለት ልጅና ሁለት ሻንጣ የያዘች እናት ከባቡር ሥር ተነሥታ ወደ ባቡር ለመድረስ በንጋት ጨለማ ታክሲ ስትጋፋ ትታያለች። ብዙ ቤተሰብ ጉዞውን የሚተወው የድሬዳዋን ርቀት ፈርቶ ሳይሆን በዚህች አጭር መንገድ ተሰናክሎ ነው።

ስለዚህ ጉዞውን የሚያስብ አባወራ ሐሳቡን በሐዲዱ ላይ ሳይሆን በሐዲዱ ሁለት ጫፎች ላይ ቢያደርግ ይሻለዋል። የመንገደኛ ባቡር እንደ ከተማው ባቡር በየሰዓቱ የሚነሣ ስላልሆነ፥ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ቀን ከጣቢያው አረጋግጦ ቲኬቱን ሳይቆርጥ ከመሥሪያ ቤቱ የዕረፍት ፈቃድ መጠየቅ የለበትም። ወደ ለቡ የሚያደርሰውን ታክሲ በዋዜማው ይነጋገር፤ በሳር ቤትና በመካኒሳ በኩል ያለው መንገድ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ቀላል ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን አይታመንም። በደረሰበትም አገር ይኸው ችግር ይጠብቀዋል፤ የአዳማም የድሬዳዋም አዲስ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነውና ለባጃጅ የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ በኪሱ ይኑር።

ጡት ያልጣለ ወይም ለመንገድ አዲስ የሆነ ልጅ ያለው ሰው መጀመሪያ እስከ አዳማ ብቻ ሄዶ ቢሞክር ይመረጣል። ድሬዳዋ የሚሄድ ግን ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያሳድር፤ ቀኑን ሙሉ የተጓዘን ሕፃን በማግሥቱ መልሶ ማሳፈር ቅጣት እንጂ ዕረፍት አይባልም። ስንቁ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ብርቱካንና ብዙ ውሃ ቢሆን ይበቃል፤ ወጥ በሚናወጥ ፉርጎ ውስጥ ልብስ ያበላሻል። በአፋርና በሶማሌ ምድር ከብትና ግመል ሐዲዱን ሲያቋርጡ ባቡሩ የሚዘገይበት ጊዜ ስላለ የግማሽ ቀን ትርፍ ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል። ልብስም ተደራራቢ ይሁን፤ ተጓዡ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ካለው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 1,200 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ ድሬዳዋ ስለሚወርድ፥ ጠዋት በጋቢ የተጠቀለለው ልጅ ከቀትር በኋላ በእጀ ጠባብ ብቻ ሊቀር ይችላል።

በመስኮቱ የሚታየው ግን ከማናቸውም መጫወቻ የሚበልጥ ነው። ከመተሐራ አጠገብ በፈንታሌ ተራራ ሥር ያለው የበሰቃ ሐይቅ ሌሎች ሐይቆች ሲሸሹ እርሱ እየሰፋ ሄዶ የአሮጌውን ሐዲድና የአውቶሞቢሉን መንገድ ያጥለቀለቀ ነው፤ ሕፃን ይህን ሲሰማ ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ አባትም መልሱን አስቀድሞ ቢያጠና መልካም ነው። የአዋሽ ወንዝም ከደጋ ወርዶ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ሐይቆች ውስጥ የሚቀር መሆኑን በካርታ ከተማሩት ይልቅ በመስኮት ያዩት አይረሱትም።

ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው ከሥር ቆመ፤ ከተማዋም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። የከዚራ ዛፎችና የአሮጌው ጣቢያ አካባቢ ከልጅ ጋራ በእግር ለመዘዋወር የተመቹ ናቸው። ወቅቱ ግን ይታሰብበት፤ ግንቦትና ሰኔ ለሕፃን የማይቻል ሙቀት ነው፤ የመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። በክረምት የሚሄድ ወላጅ ልጆቹን በደቻቱ አሸዋ ላይ እንዳያጫውት መጠንቀቅ አለበት፤ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን የፈጀ በዚያው በደረቀው ወንዝ በኩል ነው። ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 የሚሄዱም ሕዝቡ እጅግ ብዙ መሆኑን አስበው፥ ታናናሾቹን ልጆች ከንግሡ ቀን በፊት ወይም በኋላ ቢያሳልሙ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የወላጅ ድርሻ ነው፤ ወላጅ የማይችለው ደግሞ አለ። የኢልግ አገር በሆነችው በስዊስ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ የባቡሩን መድረሻ ሰዓት ጠብቆ በጣቢያው ደጅ ይቆማል፤ በአንዳንዱ ባቡር ላይም ለሕፃናት መጫወቻ የተዘጋጀ ፉርጎ አለ። የመጫወቻው ፉርጎ ለጊዜው ይቅር። ባቡሩ የሚተዳደረው በጭነት ነው፥ ለመንገደኛ የሚወጣው ገንዘብ አይመለስም የሚሉም አሉ፤ በጭነቱ ነገር እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የሚጠየቀው አዲስ ሐዲድ ወይም አዲስ ሎኮሞቲቭ አይደለም። ባቡር በሚነሣበትና በሚገባበት ቀን ብቻ በለገሃርና በሜክሲኮ በኩል ወደ ፉሪ ለቡ የሚመላለስ አንድ የከተማ አውቶቡስ ነው፤ የድሬዳዋና የአዳማ ማዘጋጃ ቤቶችም በየበኩላቸው እንዲሁ ቢያደርጉ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገጥማል። የመነሻውም ቀንና ሰዓት በከተማው ባቡር ጣቢያዎች በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ቢሰቀል ወጪው የወረቀት ነው።

የደብር አስተዳዳሪዎችም ለቁልቢ የሚሄዱትን ምእመናን አስቀድመው መዝግበው በአንድነት ቲኬት ቢያስቆርጡላቸው፥ ልጅ የያዙት እናቶች መኝታ ካለው ፉርጎ ላይ ስፍራ እንዲያገኙ ከባቡሩ ድርጅት ጋራ ሊነጋገሩላቸው ይችላሉ። የአውቶቡሱ ነገር ደግሞ ለከተማው የትራንስፖርት ሹማምንት የሚቀርብ ነው፤ ለሚመጣው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ተዘጋጅቶ አንድ ወር ቢሞከር፥ ስንት ቤተሰብ እንደ ተሳፈረበት ከቲኬቱ ጉራጅ መቁጠር ይቻላል።