ሠልጣኙ ያዳምጥ፤ ሒሳቡን ግን ሌላ ይክፈል

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1920 በርሊን ውስጥ፣ ፖትስዳመር ጎዳና ላይ አንድ ክሊኒክ ተከፈተ። ጀርመን ጦርነቱን ተሸንፋ፣ ከተማዋ በራብና በሥራ አጥነት ተጎሳቁላ ነበር። ክሊኒኩ የሚሰጠው ሕክምና ክኒንም መርፌም አይደለም፤ ንግግር ነው። ወደዚያ የሚመጣ ሰው የሚከፍለው አቅሙ የፈቀደውን ያህል ሲሆን፣ ምንም የሌለው በነጻ ይታከማል። ማክስ አይቲንጎንና ኧርንስት ዚመል የተባሉት ሐኪሞች ይህን ፖሊክሊኒክ ያቋቋሙት በንግግር የሚሰጥ ሕክምና የባለጸጎች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነበር።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሲግመንድ ፍሮይድ ቡዳፔስት ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ ንግግር አድርጎ ነበር። ድሃው ሕይወቱን የሚያተርፍ ቀዶ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ሁሉ ለአእምሮውም እርዳታ የማግኘት መብት አለው አለ። የሥነ ልቦና ሕመም በሕዝብ ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሳንባ ነቀርሳ እንደማያንስም አስረዳ። አንድ ቀን መንግሥታት ግዴታውን ይቀበሉታል፤ እስከዚያው ግን የግል በጎ አድራጎት ይጀምረዋል የሚል ተስፋ ነበረው።

የበርሊኑ ክሊኒክ ከማከም ጎን ለጎን ባለሙያ ያሠለጥን ነበር። ሠልጣኙ በመጀመሪያ ራሱ በሌላ ባለሙያ ዘንድ ታካሚ ሆኖ የገዛ ልቡን ይመረምራል። ንድፈ ሐሳቡንም ይማራል። ከዚያም ልምድ ባካበተ ሰው ክትትል ሥር ሆኖ የክሊኒኩን ታካሚዎች ይቀበላል። በኋላ በመላው ዓለም የሙያው ማሠልጠኛ ሥርዓት የሆነው ይኸው ሦስት እግር ያለው አሠራር ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 1,955 ሰዎች ለምክክር ወደ ክሊኒኩ የመጡ ሲሆን 721 ያህሉ ሕክምና ጀምረዋል። ድሃው ሐኪም አገኘ፣ ሠልጣኙም ሙያ አገኘ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ይህ አሠራር በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ሕያው ነው። ለኢትዮጵያም ይበጃል። ነገር ግን ከመኮረጁ በፊት አንድ ጥያቄ በግልጽ መመለስ አለበት፦ ለታካሚው የተቀነሰውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው?

መጀመሪያ ግን ሕክምናው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሳይኮዳይናሚክ የሚባለው የምክር አገልግሎት፣ የሰው ልጅ የዛሬ ጭንቀት ብዙ ጊዜ ራሱ ከማያውቀው የትናንት ቁስል ጋር የተያያዘ ነው ከሚል መነሻ ይጀምራል። እንበል፣ አንድ ሠራተኛ በሄደበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ከአለቃው ጋር እየተጣላ ሥራ ይለቅቃል። ዘመድ «ታገሥ» ይለዋል፤ ጓደኛ «አለቆችህ ክፉዎች ናቸው» ይለዋል። ሳይኮዳይናሚክ አማካሪ ሁለቱንም አይልም። በየሳምንቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል ለሃምሳ ደቂቃ ያህል ያዳምጠዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው ያንኑ ቁጣ በአማካሪው ላይ ማውጣት ሊጀምር ይችላል፤ «አንተም ትንቀኛለህ» ይለዋል። አማካሪው አይቆጣም፣ አይሸሽምም። ይህ ስሜት ከየት እንደመጣ አብረው ይመረምራሉ። ምናልባት ከአለቃም ከአማካሪም በፊት አንድ ኃይለኛ አባት ነበረ። ሰውየው ይህን በቃል ሲነገረው ሳይሆን በራሱ ግንኙነት ውስጥ ሲያየው ነው የሚገባው።

እንዲህ ያለው ሥራ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ይፈጃል። የአንድ ቀን ምክር በውድ ዋጋ መግዛት የሚችል ሰው እንኳ በየሳምንቱ ለአንድ ዓመት መክፈል ላይችል ይችላል። ረጅም ጊዜ ማዳመጥ ግን ፍሬ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው የለንደኑ የታቪስቶክ ጥናት በሌሎች ሕክምናዎች ያልተሻላቸውን 129 የድባቴ ሕሙማን አሳትፏል። ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ ለ18 ወራት በየሳምንቱ የንግግር ሕክምና ያገኙት ታካሚዎች፣ ሕክምናው ባበቃበት ጊዜ ከሌሎቹ ያላቸው ልዩነት ትንሽ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከእነሱ መካከል 44 በመቶው የድባቴ ሕመም መመዘኛን የማያሟሉ ሆነው ሲገኙ፣ መደበኛውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ግን እዚያ የደረሱት 10 በመቶ ናቸው። ጥናቱ የተሠራው በሠለጠኑ ባለሙያዎች እንጂ በሠልጣኞች አይደለም፤ የሚያሳየውም ቀስ ብሎ የሚሠራ ሕክምና ውጤቱም ቀስ ብሎ እንደሚመጣ ነው።

«ታዲያ ለምን ተማሪ ይለማመድብኛል?» የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በሱፐርቪዥን ውስጥ ነው። ጀርመን ለረጅም ዓመታት ባሠለጠነችበት ሕግ መሠረት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሳይኮሎጂስት የሳይኮቴራፒ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 600 ሰዓት ታካሚ ማየትና ቢያንስ 150 ሰዓት በሱፐርቫይዘር መገምገም ነበረበት። በእያንዳንዱ አራት ሰዓት ሕክምና ላይ አንድ ሰዓት ግምገማ ማለት ነው። ሠልጣኙ ከታካሚው የሰማውን፣ የመለሰውን፣ ሳይመልስ የቀረውንም ይዞ ልምድ ካለው ሰው ፊት ይቀርባል። ብዙ የሠራ ባለሙያ ብቻውን በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ስሕተቱን የሚያይለት ሰው ላይኖር ይችላል። የሠልጣኙን ስሕተት ግን በየሳምንቱ የሚያይ ሌላ ዓይን አለ።

ደግሞስ ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር ነው? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተኛ ሰው በኢንተርንና በሬዚደንት እጅ ታክሟል። ሆዱን የከፈተለት፣ ሌሊት ደሙን የለካለት፣ መድኃኒቱን የጻፈለት በትምህርት ላይ ያለ ሐኪም ሊሆን ይችላል፤ ከበላዩ ግን ስፔሻሊስት አለ። ሕዝቡ ለሥጋው የተቀበለውን ሥርዓት ለአእምሮው የማይቀበልበት ምክንያት የለም። የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ራሱ ያደገው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። የካናዳ መምህራን እየተመላለሱ አስተማሩ፣ ሬዚደንቶቹም በክትትል ሥር ሆነው ሕሙማን አዩ። ዛሬ በአማኑኤልና በሌሎች ሆስፒታሎች ከሚሠሩት ሳይካትሪስቶች ብዙዎቹ የዚያ ሥርዓት ፍሬ ናቸው።

በሬዚደንቱና በምክር ሠልጣኙ መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ። ሬዚደንቱ ደመወዝተኛ ነው።

የሒሳቡ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ታሪኩም ብዙ ያስተምራል። በርሊን ውስጥ አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው በፀጉራም ቆዳ ንግድ ከበለጸገ ቤተሰብ የተወለደው አይቲንጎን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 በተከፈተው የቪየና ክሊኒክ ደግሞ ሸክሙን አንጋፋዎቹ ተካፈሉት። የሙያ ማኅበሩ አባላት በነጻ ታካሚ ማየት ይጠበቅባቸው ነበር፤ ጊዜ ያጣ በምትኩ ለክሊኒኩ ማስኬጃ ገንዘብ ያዋጣል። የለንደኑ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1926 በአንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ልገሳ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1946 ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተከፈተው የላፋርግ ክሊኒክ 25 ሳንቲም ብቻ እያስከፈለ ሌላ ቦታ በር የተዘጋባቸውን ጥቁር አሜሪካውያን ያክም ነበር። ዶክተር ፍሬድሪክ ወርተምና ባልደረቦቹ ያለ ክፍያ ነበር የሚሠሩት። ደራሲው ሪቻርድ ራይትም ክሊኒኩ እንዲቋቋም ረድቷል። ክሊኒኩ በዘር የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ስለሚያደርሱት ጉዳት ያገኘው ማስረጃ በዴላዌር ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ያ ክስ በ1954 የዘር መድልዎን በትምህርት ቤት ከከለከለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጋር ተጠቃሏል። ያን ያህል ሥራ የሠራ ተቋም ግን ከ1950ዎቹ አላለፈም። ቋሚ በጀት ያልነበረው ቤት የቆመው በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር።

የበርሊኑና የቪየናው ክሊኒኮች ዕጣ የከፋ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳውያን ሐኪሞች ተባረሩ። አይቲንጎን እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ ኢየሩሳሌም ተሰድዶ እዚያ አዲስ የሙያ ማኅበር መሠረተ። ቪየና እ.ኤ.አ. በ1938 ስትያዝ የእሷም ክሊኒክ ተዘጋ።

ዛሬ ብሪታንያ ውስጥ በቅናሽ ዋጋ ሳይኮዳይናሚክ ምክር የሚሰጡ ብዙ ማዕከላት አሉ። ታካሚው በገቢው መጠን ይከፍላል፤ ይህ መልካም ነው። ሒሳቡን የሚሸከመው ግን ብዙ ጊዜ ሠልጣኙ ነው። የትምህርት ክፍያ አለበት፣ ራሱ ለሚከታተለው ቴራፒ ይከፍላል፣ ለሱፐርቪዥንም የሚከፍል አለ። ታካሚ የሚያይበት ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም። ይህን ለዓመታት መቋቋም የሚችለው ተቀማጭ ገንዘብ ወይም ደህና ገቢ ያለው የትዳር ጓደኛ ያለው ሰው ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ፣ የስደተኛው ልጅ ከደጅ ይቀራሉ። ለድሃው የተከፈተው ክሊኒክ ከድሃው ሠፈር የወጣ ባለሙያ እያጣ ይሄዳል ማለት ነው። ችግሩ የለንደን ኢትዮጵያውያንንም ይነካል። በአማርኛ ኀዘኑን መናገር የሚፈልግ ሰው በአማርኛ የሚሰማው ቴራፒስት የሚያገኘው፣ አማርኛ ተናጋሪ ወጣት ሥልጠናውን መጨረስ ሲችል ነው። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ያለው ፍላጎት ይኸው ነው።

ጀርመን የተሻለ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሕዝብ ጤና መድኑ ለዚህ ዓይነት የንግግር ሕክምና ይከፍላል። በማሠልጠኛ ተቋማት ክሊኒኮች ሠልጣኞች በክትትል ሥር የሚሰጡትንም ሕክምና መድኑ ይሸፍናል። ያም ሆኖ ሠልጣኞቹ በሆስፒታል ለሚሠሩት ሥራ የሚያገኙት ክፍያ እጅግ ትንሽ ስለነበር ለዓመታት አደባባይ ወጥተው ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በሆስፒታል ልምምድ ላይ ላሉት ቢያንስ በወር 1,000 ዩሮ እንዲከፈል አስገደደ። ለበርሊን ኑሮ በቂ ባይሆንም፣ ሠልጣኝ የሚሠራው ሥራ ሥራ መሆኑን ሕግ አውቆታል።

ኢትዮጵያ ገና ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ስለሆነች የሌሎችን ጥፋት ሳትደግም መጀመር ትችላለች። በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ሥነ ልቦና ይሰጣል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ታካሚ ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል ከዓረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች እህት፣ በጦርነት ቤቱ የፈረሰበት አባወራ፣ ፈተና ፈርታ እንቅልፍ ያጣች ተማሪ አሉ። የንስሐ አባት፣ የሠፈር ሽማግሌ፣ የቡና ጎረቤት ያጽናኗቸዋል፤ ማንም ይህን መተካት የለበትም። ሆኖም ለንስሐ አባትም ለጎረቤትም የማይነገር ነገር አለ። በዝምድናም በጉርብትናም የማያውቃቸው፣ የሰማውን የማያወጣ፣ የማይፈርድ ሰው ሲያገኙ የሚፈታ ቋጠሮ አለ።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ በየከተማቸው አንዳንድ የምክር ክሊኒክ ይክፈቱ፤ ሠራተኛውም ተማሪውም እንዲደርስበት ምሽትና ቅዳሜ ክፍት ይሁን። ክፍያው በገቢ ይመጠን፣ ምንም የሌለው በነጻ ይስተናገድ። ታካሚው አማካሪው ሠልጣኝ መሆኑን፣ ጉዳዩም ለሱፐርቫይዘር እንደሚቀርብ ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው፤ ፈቃዱንም ይስጥ። ሠልጣኙ ተመርቆ ሲሄድ የታካሚው ሕክምና በድንገት እንዳይቋረጥ የመለያያው ጊዜ አስቀድሞ ይታወቅ። ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ወይም ከእውነታ የራቀ ሕመምተኛ ሲመጣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚተላለፍበት መስመር ይዘርጋ። ይህ ሁሉ ካልተሟላ አገልግሎቱ ባይጀመር ይሻላል፤ ክትትል የሌለበት ሠልጣኝ ሊያቆስል ይችላልና።

ሒሳቡን በተመለከተ ሦስት ከፋዮች ይበቃሉ። ትምህርት ሚኒስቴር ለሕክምና ሬዚደንት እንደሚደረገው ሁሉ ለምክር ሠልጣኙ በልምምድ ዘመኑ የሚኖርበትን ክፍያ ይመድብ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የንግግር ሕክምናን በሚሸፍናቸው አገልግሎቶች ውስጥ ያስገባ። በግል ክሊኒክ የሚሠሩ አንጋፋ ሳይኮሎጂስቶች ደግሞ የቪየናዎቹን ውል ይዋሱ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ሱፐርቪዥን በነጻ ይስጡ፣ ያልተመቸው በገንዘብ ይርዳ። በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስቶችም ይህን ሰዓት በቪዲዮ መስጠት ይችላሉ፤ የቶሮንቶ መምህራን ውቅያኖስ አቋርጠው የሠሩት ሥራ ዛሬ ከቤት ሆኖ ይሠራል።

ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲያቀርቡ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎቻቸው ሁለት መደብ እንዲያስገቡ ማድረግ ከአሁኑ ይቻላል፤ አንዱ ለሠልጣኝ አማካሪዎች ክፍያ፣ ሁለተኛው ለሱፐርቫይዘሮች ሰዓት።