ሩብ ዲናርም መህር ነው
በአነስተኛ ገንዘብ ወርቅ ለሚገዙ



ለዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ የሆነን ከመንጌ የደረሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂው ወጣት ወንድማችን ኒካሕ ሊያስር ቀን ቆርጧል። ከደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመው ገንዘብ፣ እሱ እንደሚለው፣ ከአምስት ግራም ወርቅ የሚያልፍ አይገዛለትም። የልጅቷ አክስቶች «አንገት ላይ የሚታይ አንድ ሐብል ይሁን» ይላሉ። እናቱ ደግሞ «አገራችን የወርቅ አገር ነው፤ ከሚያጥቡት ጥሬውን ግዛና ስጣት» ይሉታል። ወደ ጠረፍ እየተመላለሰ የሚነግድ ጓደኛው በበኩሉ ትናንሽ የወርቅ ሳንቲሞችን ያማክረዋል። ወንድማችን «በዚህች ገንዘብ የሚያሳፍር ነገር ይዤ እንዳልቀርብ፣ ተታልዬም እንዳልቀር እሰጋለሁ» ሲል ጽፎልናል። ሙሽራዪቱ ምን እንደምትሻ ግን በደብዳቤው ውስጥ አንድም ቃል የለም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

ትንሽ መሆኑ ያሳፍራል ወይ?

በቅድሚያ ወንድማችን ከልቡ እፍረቱን ያውጣ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለአንድ ድሃ ሰሓባ ለመህር የሚሆን የብረት ቀለበትም ቢሆን እንዲፈልግ ማዘዛቸው፣ እሱንም ሲያጣ በሚያውቀው ቁርኣን መዳራቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍም (ረ.ዐ.) ለሚስታቸው የሰጡት የአንድ ተምር ፍሬ ክብደት ያለው ወርቅ እንደነበር ተዘግቧል።

የመዝሀብ ዑለማዎች በመህር ዝቅተኛ መጠን ላይ የተለያየ አስተያየት አላቸው። በሻፊዒዎች ዘንድ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ መህር ሊሆን ይችላል፤ ሐነፊዎች አሥር ዲርሃም ይላሉ፤ ማሊኪዎች ደግሞ ሩብ ዲናር ወይም ሦስት ዲርሃም ይላሉ። በሱዳን በኩል የመጣው የማሊኪ ትምህርት በቤኒሻንጉል ምድር ሥር ስላለው፣ ሩብ ዲናር ለመንጌው ወንድማችን ሩቅ ነገር አይደለም።

ሩብ ዲናር ምን ያህል ነው? ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን በ77 ዓመተ ሂጅራ ያስመታው የወርቅ ዲናር 4.25 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ሩቡ እንግዲህ ከአንድ ግራም ብዙም አያልፍም። በእነዚያ ዘመናት የዲናር ግማሽና ሲሶ ይመታ ነበር፤ ኋላም በሰሜን አፍሪካና በሲሲሊያ ሩብ ዲናር ራሱን የቻለ ሳንቲም ሆኖ በገበያ ይዘዋወር ነበር። ትንሽ ወርቅ እንግዲህ የድሃ እፍረት ሳይሆን የብዙኃኑ ገንዘብ ነበር። የእኛም አገር ቢሆን በዐፄ ምኒልክ ዘመን 1889 ዓ.ም. የሚል ቀን የተጻፈባቸው ሙሉ፣ ግማሽና ሩብ የወርቅ ሳንቲሞች ተመትተዋል። እነዚህ ግን ዛሬ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች የሚሹዋቸው ናቸው። እውነተኛውን ከቅጂው መለየትም የባለሙያ ሥራ ስለሆነ፣ ለመህር ብሎ እነሱን ማሳደድ አያስፈልግም።

ጥሬ ወርቅ

የእናቱን ምክር እንመልከት። መንጌና አካባቢው የወርቅ ምድር መሆኑ እውነት ነው። በ1820ዎቹ መግቢያ (እ.ኤ.አ.) የግብፁ ገዢ የሙሐመድ ዐሊ ጦር ሱዳንን አልፎ ወደዚህ አቅጣጫ እንዲገፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወርቅ ነበር። የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል-ሐሰንም ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ እንደነበር ታሪክ ይናገራል። ዛሬም በወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው አሸዋውን በገበቴ ከሚያጥቡት መካከል እናቶቻችንና እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ለልጇ ጫማ፣ ለቤቷ ጨው የምታገኘው ከዚያች ብናኝ የሆነች እናት ጥቂት አይደለችም።

ሆኖም ጥሬ ወርቅ ለወንድማችን ሦስት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ከመሬት የወጣ ወርቅ ንጹሕ አይደለም፤ በተፈጥሮው ብር ይቀላቀልበታል፣ አሸዋም አያጣም። አምስት ግራም ተብሎ የተመዘነው ሲቀልጥ አምስት ግራም ሆኖ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ማጭበርበር አለበት። ነሐስ ተሞርዶ ከብናኙ ጋር ቢደባለቅ ዓይን ላይለየው ይችላል፤ ማግኔትም ነሐስን ስለማይስብ አያጋልጠውም። በ2000 ዓ.ም. ወርቅ ተብሎ ለብሔራዊ ባንክ ከተሸጠው ውስጥ ወርቅ የተለበጠ ብረት መገኘቱን የማያስታውስ የለም። ባንክ የተታለለበትን ነገር ግለሰብ በኪሱ ሚዛን እንዴት ይለየዋል? ሦስተኛ፣ ሕግ አለ። ጥሬ ወርቅ መግዛትና ማዘዋወር ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሐላል ትዳር በተደበቀ ግብይት ሊጀመር አይገባም።

ጌጥ

በአገራችን ወርቅ ቤቶች በብዛት የሚገኘው ባለ 18 እና ባለ 21 ካራት ጌጥ ነው። ካራት ማለት ከ24 እጅ ስንቱ ወርቅ እንደሆነ የሚገልጽ ልኬት ነው። ባለ 18 ካራት ከመቶ 75፣ ባለ 21 ካራት ከመቶ 87.5፣ ባለ 22 ካራት ደግሞ ከመቶ 91.6 ገደማ ወርቅ አለው። ስለዚህ ባለ 18 ካራት 5 ግራም ሐብል በውስጡ የያዘው ንጹሕ ወርቅ 3.75 ግራም ነው። ባለ 21 ካራት ቢሆን ኖሮ ወደ 4.4 ግራም ይጠጋ ነበር። ሁለቱ በሚዛን እኩል ናቸው፤ በዋጋቸው ግን አንድ አይደሉም።

በዚህ ላይ የእጅ ዋጋ አለ። ሐብል ቀጭን ሰንሰለት ስለሆነ ብዙ ሥራ ይጠይቃል፤ ገዢው ለሥራው ይከፍላል፣ ሲሸጥ ግን የሚመለስለት የወርቁ ዋጋ ብቻ ነው። ፈርጥ ካለበትም ፈርጡ ከወርቁ ጋር ተመዝኖ ይገዛል፣ ሲሸጥ ግን ተነቅሎ ይጣላል። ባለሱቁን «ዛሬ ገዝቼ ዛሬውኑ ብመልስልህ በስንት ትቀበለኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ክርክር ያድናል። በሚሸጥበትና በሚቀበልበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት የገዢው እውነተኛ ኪሳራ ነው። ይህን ጥያቄ ለሁለት ሦስት ወርቅ ቤቶች አቅርቦ መልሱን ማነጻጸር ነውር የለበትም።

ሳንቲም

ጓደኛው ያነሳቸው ሳንቲሞች በዓለም ላይ የታወቁ ናቸው። የእንግሊዝ ግማሽ ፓውንድ ወርቅ ወደ 4 ግራም ይመዝናል፣ ባለ 22 ካራት ስለሆነ ንጹሕ ወርቁ 3.66 ግራም ነው። የአውንስ አንድ አሥረኛ የሚባሉት በውስጣቸው 3.11 ግራም ንጹሕ ወርቅ አላቸው። ቱርኮች በሠርግና በልጅ መወለድ የሚሰጣጡት ሩብ ወርቅ ደግሞ 1.75 ግራም ይመዝናል፣ ንጹሕ ወርቁ 1.6 ግራም ያህል ነው። ወንድማችን ባለው ገንዘብ አንድ ግማሽ ፓውንድ፣ ወይም አንድ የአውንስ አሥረኛ፣ ወይም ሁለት ሦስት የቱርክ ሩቦች ሊያስብ ይችላል።

ሳንቲም መልካም ጎን አለው፤ ክብደቱና ካራቱ የታወቀ ነው፣ ፈርጥም የለበትም። ግን አንድ ሕግ አይርሳ፦ ሳንቲሙ እያነሰ በሄደ ቁጥር ለእያንዳንዱ ግራም የሚከፈለው የማምረቻ ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። አንዱን ትልቅ ለመምታትና ሦስት ትናንሾችን ለመምታት የሚወጣው ድካም እኩል አይደለምና። ከዚህም ሌላ፣ ዋናው ጉዳይ ሲሸጥ ማን ይገዛዋል የሚለው ነው። ሳንቲሙን የማያውቅ አንጥረኛ እንደማንኛውም ስብርባሪ ወርቅ መዝኖ ይቀበላል፤ ለሳንቲምነቱ የተከፈለው ትርፍ ያኔ ይጠፋል። ከጠረፍ ያለ ደረሰኝ የመጣ ከሆነም ከሐሰተኛው የሚለየው ማስረጃ የለውም። ስለዚህ በአሶሳና በመንጌ ለሚኖር ሰው፣ ሕጋዊ ሻጭና ደረሰኝ ካልተገኘ በስተቀር፣ ሳንቲሙ ከተራ ጌጥ ይሻላል አንልም።

ከሳንቲም የምንማረው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም መከፋፈል ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ብዙ ቤተሰቦች ወደ ክልላችን ተሰደው ገብተዋል። በእንዲህ ያለ ቀን ወርቅ የሴት ልጅ ባንክ ነው። ያላት ሁሉ በአንድ ሐብል የተያዘባት እናት የልጇን መድኃኒት ለመግዛት ሐብሉን በሙሉ መሸጥ ግድ ይላታል። ሦስት ትናንሽ ቀለበቶች ያሏት ግን አንዱን ሸጣ ሁለቱን ታስቀራለች። አምስት ግራም በአንድ ቁራጭና አምስት ግራም በሦስት ቁራጭ በችግር ቀን አንድ አይደሉም።

ግብይቱ ሐላል እንዲሆን

ወርቅ እንደሌላው ሸቀጥ አይደለም። ወርቅ በወርቅ ሲለወጥ እኩል በእኩልና እጅ በእጅ እንዲሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤዎች የወረቀት ገንዘብን በዚሁ ሕግ ስላዩት፣ ወርቅን በዱቤ ወይም ከፊሉን ዛሬ ከፍሎ ቀሪውን በወሩ መጨረሻ እያሉ መግዛት አይፈቀድም። ገንዘቡም ወርቁም በአንድ መቀመጫ ይለዋወጡ። እንዲሁም የእናቱን አሮጌ ጌጥ ሰጥቶ፣ ጭማሪ ከፍሎ፣ አዲስ መቀበል በብዙ ገበያ የተለመደ ቢሆንም ከሪባ አይድንም። መውጫው ቀላል ነው፦ አሮጌው ይሸጥ፣ ገንዘቡ በእጅ ይግባ፣ ከዚያ በገንዘቡ አዲሱ ይገዛ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኸይበር ተምር ጉዳይ ያስተማሩት ይህንኑ መንገድ ነው።

ዘካን በሚመለከት፣ የወርቅ ኒሳብ 20 ዲናር፣ ማለትም 85 ግራም ገደማ ነው። ለብቻዋ የምትቆጠር አምስት ግራም ከዚህ እጅግ ታንሳለች። የሚለበስ የሴት ጌጥን በተመለከተ ሐነፊዎች ኒሳብ ከሞላ ዘካ አለበት ሲሉ፣ ማሊኪዎች፣ ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች በልማድ ለሚለበሰው የለበትም ይላሉ። ለቁጠባ የተቀመጠ ሳንቲም ግን ጌጥ አይደለም፤ ከሌላ ገንዘብ ጋር ኒሳብ ከሞላ ዓሊም ይጠየቅ። ወርቅ ለወንድ መልበስ ክልክል መሆኑን አውቆ ሙሽራው ለራሱ ቀለበት የሚፈልግ ከሆነ የብር ያድርግ።

ለወንድማችን የምንመክረው

አሁን ወደ ተውነው ነጥብ እንመለስ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ መህርን ለሴቶቹ ራሳቸው እንድንሰጥ አዟል። ባለቤቷ ሙሽራዪቱ እንጂ አክስቶቿ አይደሉም፤ አባቷም፣ ነገ ባሏም አይደለም። ስለዚህ ወንድማችን ከሁሉ በፊት በወሊይዋ በኩል ፍላጎቷን ይጠይቅ። ሐብሉን የምትሻ እሷ ራሷ ከሆነች ሐብል ይሁን፤ ለብሳው መደሰቷም ትርፍ ነው። ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የምትሻ ከሆነ ግን የእኛ ምርጫ ባለ 21 ካራት፣ ፈርጥ የሌላቸው፣ ሥራቸው ቀለል ያለ ሁለት ወይም ሦስት ቀለበቶች፣ ወይም አንድ ቀለበትና ጥንድ ጉትቻ ነው። ከዚያ በታች መከፋፈል ደግሞ የእጅ ዋጋውን ያበዛዋል። ደረሰኙ ላይ ክብደቱና ካራቱ ይጻፍ፤ ደረሰኙም በእሷ እጅ ይቀመጥ።

ከኒካሑ ጊዜ የሚቆይ መህር ካለም በብር መጠን ሳይሆን በግራምና በካራት ይጻፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በብር የተጻፈላት ሚስት ወርቅ ልትገዛበት ብትወጣ ያገኘችው የቀድሞውን ያህል አልነበረም። ግራም ግን ግራም ነው።

በመጨረሻም ለባሎች ሁሉ አንድ ቃል። የመንጌ ወርቅ ለረዥም ዘመን ካጠበችው እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲሄድ ኖሯል። በቤታችን ይህ አይደገም። ሚስት በልቧ ፈቅዳ ከሰጠች መልካም ነው፤ በኩርፊያና በጉትጎታ የተወሰደ ግን መህሩን መልሶ መውሰድ ነው። አምስቷ ግራም የእሷ ሆና ትቆይ።

አላህ (ሱ.ወ.) ኒካሓችሁን የበረካ ያድርገው። ወላሁ አዕለም።