ቁጠባ ይሰብካሉ፣ ሒሳቡን ግን አያሰሉም

ለተማሪዎች ስለ ገንዘብ አስተምሩ ሲባል እኛ አገር የሚመጣው ስብከት ነው። ቆጥቡ፣ አታባክኑ፣ ስለ ነገ አስቡ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አንድ የባንክ ሠራተኛ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ይህንኑ ነገረን፣ እስክሪብቶ አደለን፣ ሄደ። የታክሲና የምሳ ብሩን አብቃቅቶ ለሚውል ልጅ ቁጠባን መስበክ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ሒሳቡን አስተምሩን። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ። በ30 እንኳ ብናሰላው፣ 1,000 ብር ያስቀመጠ ልጅ ከዓመት በኋላ 1,070 ብር ይኖረዋል፤ አምና በ1,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ገብቷል። ብሩ ጨመረ፣ አቅሙ ወደ 823 ወረደ። ለዚህ ስሌት ፐርሰንት ማወቅ ይበቃል።

"ይህን ካወቁማ ቁጠባን ይጠላሉ" የሚሉ አሉ። እስቲ ይጥሉት! ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ብር ማስቀመጡ ራሱ ስንት እንደሚያስከፍል ማወቅ መብታቸው ነው።

ዕቁብን ደግሞ ውሰዱት። አሥር ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ይጥላል። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ያለ ወለድ 9,000 ብር ተበደረ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ያንኑ 9,000 አበደረ፣ እሱም እየረከሰ በሚሄድ ብር። እናቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ባያውቁማ "ዕጣሽን ሽጪልኝ" የሚባል ነገር ባልኖረ። እንዲህ ያለ ምሳሌ እቤታችን ተቀምጦ፣ ክፍል ውስጥ የማናውቀው ሰውዬ ስለሚገዛው ሐብሐብ እናሰላለን።

ብድሩ ይብሳል። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ብድር ከጀመረ ወዲህ መበደር ካርድ እንደመሙላት ቀሏል። ለምሳሌ አንድ አበዳሪ 100 ብር ሰጥቶ በሳምንት "5 ብር ብቻ" ቢል ማን ይደነግጣል? በዓመት ሲሰላ ግን 260 በመቶ ነው። ልጁ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ "እስማማለሁ" የሚለውን ከመጫኑ በፊት ይህችን ማባዛት አንድ ቀን እንኳ ሠርቷት ማወቅ አለበት።

ይህን ትምህርት ለባንክ መተው ደግሞ አይገባኝም። ቁጠባችሁን የሚሰበስብ ሰው ስለ 823ቷ ብር ለምን ብሎ ይነግራችኋል? የሒሳብ መምህራችሁን ጠይቁ። ነገ ጠዋት፣ የዕቁቧን ነገር ሰሌዳ ላይ ይሥራላችሁ።