የፖርሼ እልህ

ፖርሼ 911 የሚባለው መኪና ሞተሩ የተተከለው መተከል በማይገባው ቦታ ነው። ለማጥላላት አይደለም፤ የመኪና ምሕንድስና የሚያውቅ ሁሉ የሚስማማበት ነገር ነው። ያ ሁሉ ከባድ ብረት ከኋላ ጎማዎች አልፎ ከኋለኛው ፓራውልት አጠገብ ተንጠልጥሏል። ዳገት ስትወጣ ጭነቷ ወደ ጭራዋ የተንሸራተተባትን አህያ ያየ ሰው ችግሩ ቶሎ ይገባዋል። ሾፌሩ ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ከገባ በኋላ ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቢያነሳ፣ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማዎች መሬቱን መልቀቅ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የተንጠለጠለው ሞተር ጭራዋን ወደ ውጭ ይወረውራታል፤ መኪናዋም ጀርባዋን አስቀድማ ከመንገድ ትወጣለች። ለዚህ ነው የድሮ 911 ነጂዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አጭር የሆነው፦ ኩርባው ውስጥ ከገባህ እግርህን አታንሳ።

በ1974 ፓሪስ ላይ የቀረበው 911 ቱርቦ ደግሞ ነገሩን አባሰው (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመታቱና ቀናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቱርቦው ነዳጁን ስትረግጡት ወዲያው አይመልስም፤ ትንሽ ያስጠብቅና ጉልበቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ በማያስፈልግበት ቦታ፣ ኩርባው መሐል ነበር። ሚስቶችን ባል አልባ የሚያስቀር መኪና ነው የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት እስከዛሬ ይጠራበታል።

እንግዲህ ጤነኛ ፋብሪካ ምን ያደርጋል? ሞተሩን ነቅሎ ወደ ፊት ወይም ወደ መሐል ይወስደዋል። ፖርሼዎች ግን እልህ ያዛቸው። መጀመሪያ የፊት ፓራውልቱ ውስጥ ብረት ደብቀው አፍንጫውን አከበዱት፤ እንዲህ ያለው ጥገና ለጋራዥ እንጂ ለጀርመን ፋብሪካ የሚመጥን አይመስልም። ቀጥለው የ1969ኙን ሞዴል ሲያወጡ የኋላ ጎማዎቹን 57 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ገፏቸው። ጎማዎቹን አሰፉ፣ ጭራው ላይ ክንፍ ተከሉ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ኃይሉን ለአራቱም ጎማ አከፋፈሉት፤ በ1990ዎቹ የኋላውን እግር እንደ አዲስ ሠሩት። ሞተሩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ለነገሩ ጥቅምም አለው፦ ክብደቱ የሚገፉትን ጎማዎች ስለሚጫናቸው መኪናዋ ስትነሳ መሬቱን ትነክሳለች፤ ፍሬን ስትይዝም አራቱም ጎማ ሥራውን ይካፈላል። እኔ ግን የ911 ፍቅር ከዚህ ጥቅም የመጣ አይመስለኝም። አንድን ጉድለት ሳይጥሉ፣ ሳይክዱም፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲያርሙት ማየት ነው ሰውን የሚማርከው። ጣሊያኖቹ የሚሠሯቸው መኪኖች ያምራሉ፤ የሚያጓጓ ድምፅም አላቸው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግን አላየሁባቸውም።

የቤተሰቡ አባት ፈርዲናንድ ፖርሼ በ1875 የተወለደው ዛሬ የቼክ ግዛት በሆነችው ቦሄሚያ ነው። የቆርቆሮ ሠራተኛ ልጅ ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ቪየና ለሚገኘው ሎነር የሠረገላ ፋብሪካ የሠራው መኪና በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ፤ መኪናው የኤሌክትሪክ ነበር፣ ሞተሮቹም ጎማዎቹ ውስጥ የተቀበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዓለም እንደ አዲስ የሚደነቅበትን ነገር ሰውዬው ያኔውኑ ጨርሶታል። ከአለቆቹ ጋር ግን አይስማማም ነበር። ኦስትሮ ዳይምለርን ለቆ ወጣ፣ ዳይምለር ቤንዝን ለቆ ወጣ፤ በመጨረሻ በ1931 ሽቱትጋርት ላይ የራሱን የንድፍ ቢሮ ከፈተ። ከአማቹ ከአንቶን ፒኤሽ ሌላ አንድ ሦስተኛ ሸሪክም ነበረው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቢሮው ታላቅ ሥራ ያገኘው በ1934 ነው። ሂትለር ለተራው ሕዝብ የሚሆን መኪና ይሠራ ብሎ ነበርና ፖርሼ ውሉን ወሰደ። ያቺ መኪና እኛ ቮልስ የምንላት ናት። ሞተሯ ከኋላ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የሌላት፣ ሻንጣ ከፊት የሚጫንባት። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ አንድ የቮልስ ትዝታ አያጣም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በዚችው መኪና ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ያበቃባት መኪና ነዳፊ ፈርዲናንድ ፖርሼ መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን? የ911 ሞተር ከኋላ መሆኑ እንኳ የቮልስ ውርስ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሸሪክ። አዶልፍ ሮዘንበርገር የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፤ ገንዘብም ነበረው፤ አይሁድም ነበር። ቢሮው ሲከፈት ከአክሲዮኑ 10 በመቶው የእሱ ነበር፤ ሥራው የገንዘብ እጥረት ሲገጥመውም ከኪሱ ያወጣ ሰው ነው። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ በ1935፣ ድርሻው በ3,000 ራይክስማርክ ወደ ፖርሼ ቤተሰብ ተዛወረ። ቢሮው ዋጋው ስንት እጥፍ ባደገበት ሰዓት የተከፈለው መጀመሪያ የገባበት ዋጋ ነው። በዚያው ዓመት ጌስታፖ ያዘውና ኪስላው ማጎሪያ ካምፕ አስገባው። ከዚያ ሲወጣ ወደ ፈረንሳይ፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ስሙን እንኳ ቀይሮ አለን ሮበርት ተባለ።

ቤተሰቡ በበኩሉ በጦርነቱ ውስጥ ምቹ ቦታ አግኝቷል። አባትየው ታንክ ነደፈ፤ 188 ቶን የሚመዝነው «ማውስ» የእሱ ነው። የቮልስ አምራች የሆነው የቮልስዋገን ፋብሪካም በሺዎች በሚቆጠሩ የግዳጅ ሠራተኞች ጉልበት ለጦሩ ያመርት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ፈረንሳዮች ፈርዲናንድን፣ ልጁን ፌሪንና አማቹን ፒኤሽን አሠሯቸው፤ አባትየው የተለቀቀው በነሐሴ 1947 ነው።

ወንዶቹ እስር ቤት ሳሉ ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የድሮ መጋዝ ቤት ውስጥ፣ ድርጅቱን ያቆየችው የፈርዲናንድ ሴት ልጅ ሉዊዘ ፒኤሽ ናት። የፖርሼ ታሪክ ሲወራ ስሟ የሚነሳው አልፎ አልፎ መሆኑ አይገባኝም። ፌሪ ቀድሞ ተፈትቶ መጣ፤ ቺሲታሊያ ለሚባል የጣሊያን ድርጅት የውድድር መኪና ነደፉና ገንዘቡ አባትየውን ለማስፈታት ረዳ። ሰኔ 8 ቀን 1948 ደግሞ በስማቸው የተጠራችው የመጀመሪያ መኪና፣ 356፣ የመንገድ ፈቃድ አገኘች። ጉልበቷ 35 ፈረስ ብቻ። የሚገርመው ነገር የዚህች የመጀመሪያዋ ሞተር ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ከኋላ ጎማዎች በፊት፣ ነበር። ለሽያጭ የሚሆኑትን ሲሠሩ ነው፣ ለሻንጣና ለኋላ መቀመጫ ቦታ ፍለጋ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ የገፉት። ስለዚህ ጉድለቱ ባለማወቅ የመጣ አይደለም፤ እያወቁ ነው የገቡበት።

911ን የነደፈው የፌሪ ልጅ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ነው። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲቀርብ ስሙ 901 ነበር። ፔጆ መሐሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ፈረንሳይ ውስጥ መብቱ የእኔ ነው ብሎ ተነሳ፤ እነሱም ዜሮውን በአንድ ተኩት። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ 130 ፈረስ ጉልበት፣ ከጣሪያው እስከ ጭራው ሳይሰበር የሚወርድ አንድ መስመር። ዛሬ ከሩቅ ጥላውን ብቻ አይታችሁ የምታውቁት ሌላ መኪና ካለ ንገሩኝ። ውድድሩን ብዙ አልዘረዝርም፤ በ1970 917 በተባለች የውድድር መኪናቸው የመጀመሪያውን የሌ ማን ውድድር አጠቃላይ ድል አገኙ፣ እስካሁን 19 ደርሰዋል። በ1984 ከፓሪስ ዳካር በረሃውን አቋርጠው አሸነፉ። ጎረቤታችን ኬንያ ግን እጇን አልሰጠችም፦ በ1974ም በ1978ም የሳፋሪ ራሊ ላይ 911 የወጣችው ሁለተኛ ነው።

ይህች መኪና አንድ ጊዜ ልትሞት ነበር። በ1970ዎቹ ድርጅቱን የመሩት ኤርንስት ፉርማን 911 ጊዜው አልፎበታል ብለው፣ ሞተሩ ከፊት የሆነ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር 928 አሠሩ። ጥሩ መኪና ነበር፤ በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎም ተሸልሟል። በ1981 ሌላ ሰው መጣ፦ ፒተር ሹትስ። ሹትስ ራሳቸው ደጋግመው እንደተረኩት፣ የምሕንድስናው ኃላፊ ሄልሙት ቦት ቢሮ ሲገቡ ግድግዳው ላይ የሦስት መኪኖች የወደፊት ዕቅድ ተሰቅሏል። የሁለቱ መስመር ይቀጥላል፤ የ911ዱ መስመር ያበቃው በዚያው በ1981 ነው። ሹትስ ማርከር አንስተው የ911ዱን መስመር ከወረቀቱ አስወጥተው ግድግዳው ላይ አስረዘሙት። ውሳኔው ያው ሆነ፤ መኪናዋ ተረፈች። ግንቦት 2017 ላይ አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች።

ሹትስ ማን ናቸው? በ1930 በርሊን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ከናዚዎች ሸሽተው በኩባ በኩል አሜሪካ የገቡ ሰው ናቸው። ድርጅቱ ሲቆረቆር የነበረው አይሁድ ተገፍቶ አሜሪካ ተሰደደ፤ የድርጅቱን ነፍስ ያተረፈው አይሁድ ተሰዶ ካደገባት አሜሪካ መጣ። ልብ ወለድ ቢሆን ደራሲው አበዛው ባልን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው የገንዘብ ታሪክ ነው፤ ለእኔ ብዙም አይጥመኝም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊከስሩ ደርሰው አዲሱ የድርጅቱ መሪ ቬንደሊን ቪደኪንግ ጃፓናውያን አማካሪዎችን አስመጥቶ ፋብሪካውን አስተካከለ፤ በ2002 የፖርሼ ወዳጆች ሁሉ የጮኹበትን ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና፣ ካየንን፣ አወጣ፤ ትልቁ ካየን ትንሿን 911 አበላ። ቪደኪንግ ጠግቦ ቮልስዋገንን ልዋጥ ብሎ ተነሳ፤ ዕዳው አነቀውና በ2012 የተዋጠው ፖርሼ ሆነ። የሆነ ሆኖ የፖርሼና የፒኤሽ ቤተሰቦች በሌላ ድርጅታቸው በኩል የቮልስዋገንን አብዛኛውን ድምፅ እንደያዙ ናቸው።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ። አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ አዲስ አበባ ልትገባ የምትችለው አዲስ ፖርሼ እንደ ታይካን ያለችው ባለ ባትሪ እንጂ 911 አይደለችም። ታይካን ድንቅ መኪና ናት፤ ባትሪዋ ወለሏ ሥር ተነጥፏል፣ ክብደቷ የተቀመጠው መሆን ባለበት ቦታ ነው። ምናልባት ችግሯም ይኸው ነው፤ የሚታረም ጉድለት የላትም። ሽያጯ በ2024 በግማሽ ያህል ሲወርድ አልገረመኝም። ለከተማ ጭስ ኤሌክትሪክ ይምጣ፤ 911ን ግን የመጨረሻ ያድርጓት ባይ ነኝ።

የሮዘንበርገርን ነገር ላብቃ። ከጦርነቱ በኋላ መብቱን ጠይቆ በ1950 በስምምነት አለቀ፦ 50,000 ማርክና አንድ መኪና። በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተ። ድርጅቱ ስሙን በይፋ ማንሳትና ታሪኩን ማስጠናት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ሞተር ለማረም ስድሳ ዓመት የታገሠ ድርጅት ይህን ለማረም ያን ያህል መቆየት አልነበረበትም። ሽቱትጋርት አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ጹፈንሃውዘን ያለው የፖርሼ ሙዚየም ለሁሉም ክፍት ነውና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። 356ን እዩ፣ 917ን እዩ፣ ከ911 ጋር ፎቶ ተነሱ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን የአዶልፍ ሮዘንበርገርን ስም ፈልጉ፤ ካላገኛችሁት ጠይቁ።