የራስ እያረረ የአሜሪካን ማማሰል

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ገና ሳይጣድ፣ ዶናልድ ትራምፕና ካማላ ሃሪስ ፊላደልፊያ ላይ ለክርክር ቆሙ። በአቦምሳም በአሰላም እንቅልፉን ሰውቶ በስልኩ የተከታተለ ወጣት አልጠፋም። ጠዋት የበዓል ቡና ሲፈላ ማን ማንን እንደረታ፣ ማን እንደተደናገጠ ይተነትናል። ፔንሲልቬንያ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ጆርጂያ እያለ ወሳኞቹን ሰባት ግዛቶች እንደ ጎረቤት ቀበሌ ይጠራቸዋል።

ይኸው ወጣት የአቦምሳን መራጭ ወክሎ ፓርላማ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ቢጠየቅስ? አብዛኛው ዝም ይላል። አይፈረድበትም። ያንን ሰው ከተፎካካሪው ጋር ቆሞ ሲከራከር መቼ አየውና!

ከክርክሩ ወሬ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «የአሜሪካ ምርጫ ፍትሐዊ አይደለም» የሚለው ነው። ክሱ እውነት ነው። እዚያ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ብዙ ሕዝብ የመረጠው ሳይሆን ከ538 ወኪል መራጮች 270ውን ያገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አል ጎር በመላ አገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው ተሸነፉ። ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ልዩነት ብቻ ወኪሎቿን በሙሉ ለጆርጅ ቡሽ ሰጠች። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ ቢበልጡም ኋይት ሐውስ የገቡት ትራምፕ ናቸው።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን የሮስ ፔሮ ነገር ነው። ፔሮ በ1992 በግል ቀርበው ከአባት ቡሽና ከቢል ክሊንተን ጋር በሦስቱም ክርክሮች ቆመዋል። 19 በመቶ ገደማ የሚሆን መራጭ መረጣቸው። ከ538ቱ ወኪል መራጮች ስንት አገኙ? ዜሮ። መድረኩ ተከፈተላቸው፣ ቆጠራው ግን ተዘጋባቸው። ክርክር ምን ቢያምር፣ ድምፅን ወደ ሥልጣን የሚቀይረው ሕግ ካልተስተካከለ አዳራሽ ከማድመቅ አያልፍም።

ይህን አሜሪካ ላይ አይቶ የሚቆጣ ሰው የገዛ አገሩን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ይግለጥ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጠው በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ባገኘው ነው ይላል። ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም፤ ከተከታዩ በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃዋል። መቶ ሰው መርጦ ድምፁ 34፣ 33 እና 33 ሆኖ ቢከፈል፣ 34 ያገኘው ወንበሩን ይዞ አራት ኪሎ ይገባል። የ66ቱ መራጮች ድምፅ ለአንድም ወንበር ሳይቆጠር ይቀራል። ያውም አሜሪካዊው መራጭ ቢያንስ የፕሬዚዳንቱን ስም ወረቀቱ ላይ ያገኘዋል። የአቦምሳ መራጭ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አይመርጥም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው በዚሁ ቆጠራ የተሞላው ምክር ቤት ነው።

ውጤቱ ይታያል። ግንቦት 1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠቅልሎ ወሰደ። በከተማዋ ኢሕአዴግን የመረጠ ሰው አልነበረም? ነበረ፤ አንድም ወንበር ግን አላስገኘም። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከነዚሁ 23 ወንበሮች 22ቱን ወሰደ፤ ለመድረክ የተረፈው አንድ ነው። የአንድ ከተማ ሕዝብ ልብ በአምስት ዓመት እንዲህ ይገለበጣል? እስሩና ወከባው የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ነገር ግን ይህ ሕግ በራሱ ትንሽ ብልጫን ጠቅላላ ድል፣ ትንሽ ሽንፈትን ጠቅላላ መጥፋት ያደርጋል።

በዚያው 2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ያዙ። በ2007 የቀሩትን ሁለቱንም ጨምረው 547ቱን ጠቀለሉ። መቶ በመቶ! በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ በወጡ ጨው መቶ በመቶ ስምምነት የለም። ዓመት ሳይሞላ ኦሮሚያ በተቃውሞ ተናወጠች። ፓርላማ ውስጥ አንዲት ወንበር ያጣ ቅሬታ መንገድ ላይ ወጥቶ ተናገረ።

መንግሥትም ይህን አምኗል። መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የቢሾፍቱ ኢሬቻ ሐዘን ሳይወጣ፣ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ የምክር ቤቶቹን ዓመት ሲከፍቱ የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ ተመጣጣኝ ውክልና እንደሚካተትበት ቃል ገቡ። ያ ቃል የት ደረሰ? ኢሕአዴግ ፈረሰ፣ ብልጽግና ተተካ፣ አንቀጽ 54 ግን ንቅንቅ አላለም። በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ከ436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ በመውጣታቸው በብዙ የኦሮሚያ ምርጫ ክልሎች ገዥው ፓርቲ ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። ብቻውን የሮጠ ከማን ጋር ይከራከራል?

«ክርክር ቢኖር ሁሉ ይስተካከል ነበር» የሚሉ አሉ። 1997ን ያስታውሱ። ያኔ ክርክሩ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ተላለፈ። ባለሥልጣን በመሬት ፖሊሲ ተፋጠጠ፤ ገበሬው ሬዲዮ ከቦ አደመጠ። እንደዚያ ያለ ክርክር ከዚያ ወዲህ አልታየም። መጨረሻው ግን የቆጠራ ውዝግብ፣ የተቃዋሚ መሪዎች እስር፣ በአጣሪ ኮሚሽኑ ግኝት መሠረት የ193 ሰላማዊ ሰዎች ሞት ሆነ። ተሸናፊው ሁሉንም የሚያጣበት ጨዋታ ውስጥ ማንም ሽንፈትን በጸጋ አይቀበልም፤ ገዥውም ተቃዋሚውም።

መልሱ የታወቀ ነው፦ «ተመጣጣኝ ውክልና የብሔር ፓርቲ ያፈላል፣ መንግሥት ያዳክማል።» ደቡብ አፍሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመጣጣኝ ውክልና ትመርጣለች። ኤኤንሲ ለ30 ዓመት በአብላጫ ገዛ። በ2024 አብላጫውን ሲያጣ ከተቀናቃኞቹ ጋር ጥምር መንግሥት መሠረተ፤ አገር አልፈረሰም። ጀርመን ደግሞ ሁለቱን ቀላቅላለች፦ መራጩ አንድ ድምፅ ለአካባቢው ተወዳዳሪ፣ አንድ ድምፅ ለፓርቲ ይሰጣል። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ፓርቲ እንደ ደንቡ ወንበር አይደርሰውም። ጥቃቅን ፓርቲ እንዳይፈላም መላ አለው ማለት ነው።

የብሔሩን ስጋት በተመለከተ አርሲ ራሷ ትመስክር። ኦሮሞውና አማራው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በአንድ ዕድር ይቀብራል። በየትኛውም ምርጫ ክልል አብላጫ መሆን የማይችል ሰው በየቦታው አለ። በአሁኑ ቆጠራ እንዲህ ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን ቢመርጥም የሚመስለውን ሰው ፓርላማ ላያይ ይችላል። በተመጣጣኙ ግን የአቦምሳ ድምፁ ከአሰላውና ከበቆጂው ጋር ተደምሮ ወንበር ይሆናል። ፓርቲዎችም ከመንደራቸው ውጭ ያለውን መራጭ መለማመጥ ይጀምራሉ። የብሔር አጥር የሚላላው በዚህ ነው።

ማሻሻያው ቀላል አይደለም። በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ይጠይቃል። ግን 410 ወንበር የያዘ ፓርቲ «ድምፅ አነሰኝ» ሊል አይችልም። የጎደለው ፈቃድ ነው።

ሁለት ነገር ይጠየቅ። አንደኛ፣ ክርክሩ ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ ይውጣ። የአቦምሳ ተወዳዳሪዎች አቦምሳ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ይቁሙ፤ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጸጥታ ሕዝቡ ራሱ ይጠይቃቸው። ሁለተኛ፣ በ2009 የተገባው ቃል ይፈጸም፤ አንቀጽ 54 በአገራዊ ምክክሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ፔሮ መድረክ አግኝተው ዜሮ ይዘው ተመልሰዋል።

የፔንሲልቬንያ መራጭ ለራሱ ያውቃል። ለአቦምሳው መራጭ የሚጮህለት ሌላ አገር የለም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይሄ ነው፤ ድስቱ ጨርሶ ሳያር ማማሰያው ወደ ቤት ይመለስ።