የጀውሃ ውሃና የወይን ተክል

ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ ባለው የይፋት ቆላ በመስኖ ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ማንጎና ፓፓያ እንደሚመረት የደሴን መንገድ የሚያዘወትር ሁሉ የሚያውቀው ነው። የሽንኩርት ዋጋ በወደቀ ቁጥር አርሶ አደሩ ሌላ የሚተከል ነገር መፈለጉ አይቀርም። ለዚህ ዓይነቱ ቆላ ሊታሰብ ከሚችሉት ተክሎች አንዱ ወይን ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ተገቢ ነው።

በወይን ስሟ የገነነችው ፈረንሣይ ናት። ከቦርዶ አውራጃ የሚመጣው ቀይ ወይን በአብዛኛው ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ከተባሉ ዘሮች ይጠመቃል። የቡርጎኝ ቀይ ከፒኖ ኗር፣ ነጩ ከሻርዶኔ ነው፤ በሰሜናዊው የሮን ሸለቆ ደግሞ ቀዩ የሚጠመቀው ከሲራ ነው። ለአንባቢያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኮኛክ ነገር ነው። ኮኛክ በሻራንት ወንዝ አካባቢ ያለች ከተማ ስም ሲሆን፣ መጠጡ የሚወጣው በአብዛኛው ኡኒ ብላን ከተባለ ነጭ ወይን ነው። ይህ ወይን እንዲሁ ቢጠጣ ቀጭንና ኮምጣጣ በመሆኑ የሚያስመሰግን አይደለም። በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ሲወጣ፣ ማለትም የእኛ እናቶች ዳግም አረቄ በሚሉት መንገድ ሲያልፍ፣ ከዚያም በኦክ በርሜል ቢያንስ 2 ዓመት ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ለ1 ሊትር እስከ 9 ሊትር ወይን ይሄድበታል። በደቡብ በጋስኮኝ የሚሠራው አርማኛክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኖርማንዲዎችም ወይን ስለማይበቅልላቸው ካልቫዶስ የሚባለውን ብራንዲያቸውን ከፖም ያወጣሉ። ባለው ፍሬ መጠቀም ማለት ይህ ነው።

በሀገራችን ወይን እንግዳ አይደለም። በአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ስም የሚታወቁት ጉደርና አክሱሚት ለብዙ ዓመታት በየመጠጥ ቤቱ ሲጠጡ ኖረዋል። ካስቴል የተባለው የፈረንሣይ ኩባንያም በዝዋይ ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ከፈረንሣይ የመጡ የሜርሎ፣ የሲራ፣ የካበርኔ ሶቪኞንና የሻርዶኔ ችግኞችን ተክሎ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሸዋ ሮቢት አካባቢ ግን ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱም ከዝዋይ ይበረታል።

ይህ የ300 ሜትር ልዩነት ቀላል አይደለም። በፈረንሣይ ክረምቱ ብርድ ስለሆነ የወይን ተክል ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በእኛ ቆላ የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ እንዲያርፍና እንደገና እንዲያቆጠቁጥ የሚያደርገው የገበሬው መቀስ ነው። በታንዛኒያ በዶዶማ አካባቢ ያሉ አነስተኛ ገበሬዎች በዚህ ዓይነት እየገረዙ በዓመት ሁለት ጊዜ ፍሬ ይለቅማሉ። ስለዚህ ቆላ መሆን ብቻውን ወይንን አይከለክልም። የሚያስፈራው የክረምቱ እርጥበት የሚያመጣው የቅጠል ሻጋታ ነው።

ስለዚህ ሻጋታ አንድ ነገር ማንሳት ደግ ነው። በቦርዶ አጠገብ በሜዶክ የነበሩ ባለ ወይኖች መንገደኛ ፍሬያቸውን እንዳይቀጥፍባቸው በመንገድ ዳር ባለው ተክል ላይ የመዳብ ሰልፌትና ኖራ በጥብጠው ይረጩ ነበር። ሚያርዴ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ የተረጨው ተክል ብቻ ከሻጋታ መዳኑን አስተውሎ መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ1885 ይፋ አደረገ። ዛሬም የቦርዶ ድብልቅ ይባላል። በደሴ መንገድ ዳር ማንጎ ያለው የጀውሃ ገበሬ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ከሻጋታውም ከሙቀቱም የሚከብደው ግን ጊዜው ነው። ማሾ ከተዘራ በሁለት ወር ከምናምን ይታጨዳል። ወይን ደህና ፍሬ የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አሥር ዓመታት ይቆያል። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ያየ ገበሬ ሦስት ዓመት ጠብቅ ሲባል ቢያመነታ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ነቅሎ የሚሸሸው ሰው የማሾ ዘር በከረጢት ይዞ ይሄዳል፤ ወይኑን ግን ትቶት ነው። ስለሆነም ወይን ትከል ብሎ የሚመክር መሥሪያ ቤት ሁሉ ችግኙን ብቻ ሳይሆን እስኪያፈራ ድረስ ያለውን የሦስት ዓመት ጉሮሮ ማሰብ አለበት። በረድፎቹ መካከል ሽንኩርትና ማሾ እየተዘራ ቢቆይ አንድ መላ ነው።

ወይን ሲባል ወደ ጠርሙሱ ብቻ መሮጥም ስሕተት ነው። በይፋት ቆላ ብዙ ሙስሊም ስለሚኖር የመጠጥ ፋብሪካ መጋቢ ሁን ማለት ለብዙው ሰው የሚያስደስት አይሆንም። እሸቱ ወይንና ዘቢቡ ግን ማንንም አያስቀይሙም። ዘቢብ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ይበላል፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ደግሞ ከዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ነው። ይህ ሁሉ ፈላጊ እያለ በገበያችን የሚታየው ዘቢብ አብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። ለማድረቂያ የሚያስፈልገው ፀሐይ በጀውሃ ሞልቷል፤ የሚጎድለው ለቦታው የሚስማማው ዘር የትኛው እንደሆነ በማሳ ተፈትኖ መታወቁ ነው።

ከፈረንሣዮቹ ሊወሰድ የሚገባው ትልቁ ነገር ግን ከተክሉም ያልፋል። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊሎክሴራ የተባለች ሥር የምትመጥ ተባይ ገብታ የወይን ማሳቸውን ስታወድም በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የራሳቸውን ቅርንጫፍ እያጣበቁ እንደገና ተከሉ። ምርት ባነሰበት በዚያ ዘመን ነጋዴው ከየትም ያመጣውን በታዋቂ ስም እየለጠፈ መሸጥ ስላበዛ ገበሬዎቹ ጮኹ። በዚህም የኮኛክ ክልል እ.ኤ.አ. በ1909 በሕግ ተከለለ፤ በ1935 ደግሞ ለሀገሩ ሁሉ የሚሠራ የቦታ ስም ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከክልሉ ውጭ የተመረተ ብራንዲ ኮኛክ ሊባል አይችልም።

እኛም ይህ አይጠፋንም። የደብረ ብርሃን አረቄ፣ የአርሲ አረቄ እያልን የምንለይ ሕዝብ ነን። ሀገራችን ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። የጀውሃ ሽንኩርትና ማንጎ ግን ዛሬም ስም በሌለው ጆንያና ሣጥን ተጭኖ ይሄዳል፤ ዋጋውንም በአብዛኛው የሚቆርጠው ደላላ ነው። ስለዚህ የወይኑ ሙከራ ለአንድ ሁለት ፈቃደኛ አርሶ አደሮች በጀውሃ ወንዝ ዳር በትንሽ ማሳ ይጀመር፤ ውጤቱም እስኪታይ ይጠበቅ። የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ግን ሦስት ዓመት ሳይጠብቁ በሚቀጥለው የመስኖ ምርት ሽንኩርቱን በደረጃ ለይተው፣ በጆንያው ላይ ጀውሃ ብለው ጽፈው ወደ አዲስ አበባ ሊጭኑት ይችላሉ።